ባዶው መስተዋት ሲበራ

ከሥራ የተሰናበትኩ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ ቆረሱልኝ፣ ከዚያም እየተነሡ ደግነቴን ተናገሩ። ያን ያህል ደግ መሆኔን እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። በነጋታው ማልጄ ተነሥቼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ በር ከፍቼ ልወጣ ስል ባለቤቴ «ወዴት ነው?» አለኝ። ቦርሳዬን መልሼ ሰቀልሁት።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው። አሁን የቲቢውን ምርመራ ትንሽ ሣጥን የምታህል ማሽን ትሠራዋለች። አክታውን ትጎርስና «አለ» ወይም «የለም» ትላለች። አልከፋኝም፣ ከእኔ ዓይን ትሻላለች። ብቻ ማይክሮስኮፑ ጨርቅ ለብሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲገባ ጨርቁን ደጋግሜ አስተካከልኩለት። እኔ ስለ ብርሃን ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በእሱ ነው፤ ብርሃን እንደሚያሳስትም ጭምር።

መጀመሪያ የተመደብኩት አንበሳሜ ነበር። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለአንድ ጫማ ይበቃል፣ ለሁለተኛው ጫማ አይበቃም። አለቃዬ ሪፖርቱ በቀኑ ከደረሰው ውስጡ ምን እንዳለ የማይጨንቀው ሰው ነበር፤ ይኸን እንዳወቅሁ በቀኑ አደርስለት ነበር። ከዚያ ወደ ሐሙሲት ተዛወርኩ። የሕይወቴን ትልቁን ጥያቄ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለወባ አዲስ ፈጣን መመርመሪያ መጣልን። አንዲት ጠብታ ደም ጠብ ይደረግባታል፣ ወባ ካለ ቀይ መስመር ታወጣለች። እኔም አሠልጣኙን «ይኸ ቀይ ነገር ምንድን ነው? ደሙ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ደሙ አይደለም፣ ወርቅ ነው» አለኝና ወደ ሌላ ርዕስ ሄደ።

ወርቅ! ማታ ለጎረቤቴ ለአንጥረኛው ነገርኩት። መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ወርቅ ሳቀልጥ እንዲያ ቀልቶ አላየሁትም። ይኸን ያሉሽ ሰዎች ወርቁን ለራሳቸው ወስደው ቀለሙን ሰጥተውሻል» አለኝ። እኔ ግን አልተውኩትም። በየሥልጠናው እጄን አወጣለሁ፣ ወርቅ ስለ ምን ይቀላል እላለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ ሻይ ይባላል፣ እንወጣለን። ጥያቄዬን ይዤ ወረታ ገባሁ።

ወረታ ላይ ጋሼ ጌጡን አገኘሁ። የላብራቶሪው ኃላፊ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የጎደለው። የሙያዬ አባት ብላቸው አላጋነንኩም። አዲስ መስተዋት፣ ማለት ናሙና የሚቀባበትን ስስ ጠፍጣፋ ብርጭቆ፣ ሲያነሡ አፋቸው ጋ አስጠግተው ኸህ ይሉበታል። እንፋሎቱ እኩል ለብሶ እኩል ከለቀቀ መስተዋቱ ንጹሕ ነው፤ ደሴት ደሴት እየሠራ ከለቀቀ «ቅባት አለው» ብለው ይመልሱታል። ማይክሮስኮፕ ፊት ሲቀመጡ መጋረጃውን ይዘጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሚጸልዩ መስሎኝ እኔም አብሬ ዝም እል ነበር። ኋላ ስጠይቃቸው «ዓይኔን ጨለማ እያለማመድሁት ነው እንጅ ምን ጸሎት አለው» አሉኝ። ከሁሉ በላይ ግን የማይተዉት አንድ ነገር ነበራቸው። የበሽተኛ መስተዋት ከማየታቸው በፊት ምንም ያልተቀባበት ባዶ መስተዋት በዚያው ቀለም ነክረው፣ በዚያው ውኃ አጥበው፣ እሱን ያያሉ። «ባዶውን ያላየ ሰው ሙሉውን በምን ያውቀዋል?» ይላሉ። እኔ በልቤ ጊዜ ማባከን ነው እል ነበር፤ ግን አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ይቆጡኛል።

የቲቢ ምርመራችን ያን ጊዜ በሚያበራ ቀለም ነበር። አክታው መስተዋት ላይ ይቀባል፣ ቢጫ ቀለም ይጠጣል፣ በአሲድና በአልኮል ይታጠባል። ሌላው ሁሉ ቀለሙን ሲለቅ የቲቢው ተሕዋስ ብቻ አልለቅም ብሎ ይዞት ይቀራል። ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት ቀለሙ ብርሃኑን ውጦ መልሶ በአረንጓዴ ቢጫ ይተፋዋል፤ በጥቁር ሜዳ ላይ ቀጫጭን በትር ይታያል። ደስ ይላል። ችግሩ ተሕዋሱ ጥቂት፣ ብርሃኑ ደብዛዛ ሲሆን ነው። አለ ብለህ ትጽፋለህ፣ ወይስ ዓይኔ ነው ብለህ ታልፋለህ?

ሰላማዊት የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ለትምህርቷ ማሟያ ምርምር የምትሠራ ወጣት መምህርት ነበረች። በጣም የደቀቁ የብር ቅንጣቶች መስተዋት ላይ ቢነጠፉ የቲቢው ቀለም ይበልጥ ያበራ እንደሆነ ልትሞክር ነው። ጋሼ ጌጡ ፈቀዱላት፤ ግን አንድ ነገር አስረግጠው ተናገሩ። «ሙከራ ሙከራ ነው፤ ለበሽተኛ የምንነግረው በተራው መስተዋት ያየነውን ብቻ ነው» አሉ። ሁላችንም እሺ አልን።

እኔ ምኔ ሞኝ፣ ዕቃዋን ሳታወርድ «ወርቅ ስለ ምን ይቀላል?» አልኳት።

ሳቀች፤ የሷ ሳቅ ግን የሌላው ዓይነት አልነበረም። በማግሥቱ እንደ ቀይ የወይን ጠጅ የጠራ ፈሳሽ በጠርሙስ ይዛ መጣች። «ይኸው ወርቅ፣ እትዬ ትሁን» አለችኝ። «ወርቁ ማይክሮስኮፓችን እንኳ ሊያየው እስከማይችል ድረስ ሲደቅ አረንጓዴውን ብርሃን ይውጠዋል፣ ለእኛ የሚተርፈን ቀዩ ነው። አሁን ጨው አምጭ።» ጨው ሰጠኋት። ቆንጠር አድርጋ ጨመረችበትና ነቀነቀችው። ዓይኔ እያየ ቀዩ ወርቅ ሰማያዊ ሆነ! ተነሥቼ ቆምኩ። ጨው ሲገባ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ ሲጠጋጉ የሚውጡት ብርሃን ዓይነቱ ይለወጣል አለችኝ። ያን ዕለት ምሳዬን አልበላሁም፤ ጠርሙሱን በመስኮት ብርሃን እያዞርኩ ሳይ ሰዓቱ አለፈ። አንጥረኛው ቢያየው ብዬ ተመኘሁ።

የመጀመሪያው የብር ሙከራችን ግን ጉድ አደረገን። መስተዋቱን በብር ቅንጣት አለበስን፣ አክታ ቀባን፣ ቀለም አጠጣን፣ አየን። እንዲበራ የጠበቅነው ከተራው መስተዋት እንኳ ባሰ፣ ጨለመ።

ሰላማዊት አልደነገጠችም። «ቀለሙ ብሩን ነክቶት ነው» አለች። «ብሩ ብርሃኑን ወደ ራሱ ይሰበስባል። ቀለሙ ከአጠገቡ ከሆነ ከዚያ ይካፈላል፤ ብዙ ይውጣል፣ ብዙም ያበራል። ከነካው ግን ያገኘውን ሁሉ ለብሩ ያስረክባል፤ ብርሃን መሆኑ ይቀርና ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።»

ጋሼ ጌጡ ከወዲያ «እሳት ዳር እንደ መቀመጥ ነዋ!» አሉ። «ሲጠጉት ይፈጃል፣ ሲርቁት ይበርዳል።»

«አዎ፣ እንደዚያው ነው። መሐል ላይ ስስ ነገር ማንጠፍ አለብን።»

ስሱ ነገር የእንቁላል ነጭ ሆነ። በውኃ አቅጥነን መስተዋቱን እንነክረዋለን፣ ደጋግመን እናጥበዋለን፣ በዓይን የማይታይ ልባስ ይቀራል። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። አገር ሁሉ ጾም ይዞ እኔ ከወረታ ገበያ እንቁላል ስገዛ ሻጯ «እትዬ፣ ታመሽ ነው?» አለችኝ። «ለመስተዋት ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር እያዘነች እግዜር ይማርሽ ትለኝ ነበር።

በእንቁላል የተለበጠው መስተዋት እውነትም ተሻለ። ቲቢ እንዳለበት ከምናውቀው ሰው አክታ ላይ በትሮቹ ጎልተው ወጡ። ሰላማዊት ብዙ መስተዋት አዘጋጅታ በሣጥን አድርጋ ደረደረች። ቀጥሎ የምንፈልገው አጠራጣሪ ሰዎች ነበሩ፣ ተራው መስተዋት «የለም» የሚላቸው ግን ሳላቸው ያልተዋቸው።

አያ ካሴ አንዱ ነበሩ። ሸማኔ ናቸው፤ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ከሩዝ ማሳው ጥግ ነው። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ያስላቸዋል፤ ደጋግመን ብናይም ምንም አላገኘንም። የሰውየው ጭንቅ ግን የራሳቸው ደረት አልነበረም። ልጃቸው ማንጠግቦሽ የመጀመሪያ ልጇን እሳቸው ቤት መጥታ ወልዳለች፤ አራስ ናት። «የአባትሽ ሳል ለሕፃኑ ይተርፋል» እያለ ጎረቤቱ ያወራል። አያ ካሴ የልጅ ልጃቸውን ገና አላቀፉትም፤ ከበር ሆነው ያዩታል። «አንች ልጅ፣ ቁርጡን ንገሪኝ። ካለብኝ ልውጣላቸው፣ ከሌለብኝም ልቀፈው። ከበር ላይ መቆሙ ነው የገደለኝ» አሉኝ። አክታቸው ለሙከራውም ይሁን ሲባሉ ወዲያው ፈቀዱ።

ያን ዕለት ጋሼ ጌጡ ደብረ ታቦር ስብሰባ ሄደው ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን አድሮበት የፎገራ ሜዳ ውኃ ለብሷል፤ እርጥበቱ ግድግዳውን ሁሉ አሻግቷል። አያ ካሴ ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የተራውን መስተዋት ውጤት ይጠብቃሉ። እኔና ሰላማዊት መጋረጃውን ዘግተን የብሩን አስቀደምን። ባዶ መስተዋት አይተን ነበር፤ ጥቁር ነው። ያየነው ባዶ ግን ብር ያልነካው ተራ መስተዋት ነው። ብር የለበሱት ጥቂት ስለነበሩ ሰላማዊት ሳሳችላቸው፣ እኔም ትክክል መሰለኝ።

የአያ ካሴን አስገባሁ። አቤት! ሜዳው በሙሉ ነጠብጣብ ነው፤ አጫጭር በትሮች፣ ቢጫ፣ የሚያንጸባርቁ። ሰላማዊት አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከሥራዋ ያን ያህል ብርሃን አግኝታ አታውቅም። «ሠራ! እትዬ ትሁን፣ ሠራ!» አለች፣ ተቃቀፍን።

ጽዳት ሠራተኛችን እናና ወለል እየወለወለች ነበር። የተደሰትንበትን ባታውቅም ደስታችን ደስታዋ ነውና እልልታዋን አቀለጠችው። እልል እንዳለች በሩን ከፍታ ወጣች። አያ ካሴ «ምን ተገኘ?» ይሏታል። «እንጃ፣ የእርስዎ መስተዋት ላይ እንደ ኮከብ በራ አሉ!» አለቻቸው።

የተራውን መስተዋት አይቼ፣ ምንም አለማሳየቱን ልነግራቸው ስወጣ አግዳሚው ባዶ ነበር።

በማግሥቱ ጋሼ ጌጡ ገቡ። የሆነውን ነገርናቸው። እንደሚደሰቱ ጠብቀን ነበር። «ባዶውን አያችሁት?» አሉ።

«አየን።»

«ብር የለበሰውን ባዶ ነው የምላችሁ።»

ሰላማዊት ሣጥኑን አቀረበችላቸው። ከሣጥኑ አንድ ያልተነካ መስተዋት አወጡና ኸህ አሉበት። እንፋሎቱ ደሴት ደሴት ሠራ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ እንደ ደንባቸው በቀለሙ ነክረው፣ አጥበው፣ አደረቁት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ አዩ። ተነሥተው ወንበሩን ለሰላማዊት ለቀቁላት። እሷም አየች፣ ቀጥሎ እኔ አየሁ። የማንም አክታ ያልነካው መስተዋት የአያ ካሴን ያህል ያንጸባርቅ ነበር።

«እናና!» አሉ ጋሼ ጌጡ። «ይኸን ሣጥን ምን አደረግሽው?»

እናና ፊቷ በራ። «አጠንኩት! ክረምቱ አሻግቶት ነበር። በወይራ ደህና አድርጌ አጥኘ፣ መስተዋቱንም አንድ ባንድ በጨርቅ ወለወልሁላችሁ» አለች።

የከብት አርቢ ልጅ ናት። የወተት ዕቃ ሲታጠን እያየች ነው ያደገች፤ የሸተተ ዕቃ በወይራ ይታጠናል፣ አለቀ። የጭሱ ቅባት በሰማያዊ ብርሃን ያበራል። በጨርቅ ስትወለውለው ተስቦ በትር በትር መሰለ፣ አሲድና አልኮሉም ጨርሶ አላጠበውም። ብሩ ደግሞ ሥራውን ሠራ፤ የቲቢ ይሁን የወይራ ሳይጠይቅ ያገኘውን ብርሃን አጎላ። እኔና ሰላማዊትስ አፍንጫ አልነበረንም? ነበረን። እዚህ አገር የወይራ ጢስ የንጽሕና ሽታ ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? እኔ እንዲያውም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር እርጎ እርጎ ይለኝ ነበር።

ሰላማዊት ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሣጥኑ በሙሉ፣ ስንት ጊዜ የለፋችበት፣ ተበላሸ። እናናም የሆነው ሲገባት አለቀሰች። ጋሼ ጌጡ «አንች ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ወተት ቢሆን ኖሮ ተመስግነሽ ነበር» አሏት። እኔ ግን ያሳሰበኝ አግዳሚው ነበር። አያ ካሴ ቤት ሰው ላክሁ። የላክሁት ሰው እንደነገረኝ ማታውኑ ቤታቸውን ለቀው ሩዝ መጠበቂያው ጎጆ ገብተዋል። ምግባቸውን መንገድ ላይ ያስቀምጡላቸዋል፣ ሰው ሲሄድ ወጥተው ያነሣሉ። የሕፃኑ ክርስትና ደርሷል፤ አያቱ አይገኙም።

ልብሴን ሰብስቤ በጭቃው ሄድሁ። ከሩቅ «አትጠጊኝ!» አሉኝ። ለምኜ አዲስ አክታ ተቀበልኩ። ግማሹን አዲሱ ማሽን ቀድሞ ወደገባበት ወደ ደብረ ታቦር ላክን። በቀሪው ሰላማዊት እንደገና ሠራች፤ አዲስ መስተዋት፣ አዲስ ብር፣ አዲስ እንቁላል። ይኸን ጊዜ ብር የለበሰውን ባዶ አስቀደምን። ድቅድቅ ያለ ጥቁር። ቲቢ ካለበት ሰው የተቀባውን አስገባን፣ በትሮቹ እንደ ስለት ወጡ። ቀጥሎ የአያ ካሴን። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያዝል ድረስ ፈለግሁ። ምንም። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጨለማ አላየሁም። ከደብረ ታቦርም ያው መልስ መጣ፤ የለም። ደረታቸውን ያዳመጠው ሐኪም የጥጥ ብናኝ ነው አለ፤ ዕድሜ ልካቸውን የተነፈሱት።

ምሥራቹን ይዤ ሄድሁ። አያ ካሴ ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሲበራ እልል አላችሁ። ሲጨልም ደግሞ ምሥራች ትሉኛላችሁ። የትኛውን ልመን? እኔ ተሳስቼ ብሞት ግድ የለኝም፣ ሕፃን ነው እኮ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያን ሰዓት ከፋኝ፤ ስንት ዘመን ስሠራ ሰው ቃሌን ሲመልስብኝ የመጀመሪያዬ ነው። ኋላ ግን «ይምጡና በዓይንዎ ይዩ» አልኳቸው።

መጡ። ጋሼ ጌጡ መጋረጃውን ዘጉና «ዓይንዎን ጨፍነው ትንሽ ይቆዩ» አሏቸው። መጀመሪያ የታጠነውን መስተዋት አስገባሁ።

«ኧረ ይኸስ ያበራል! የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ባዶ መስተዋት ነው፤ የሚያበራው የወይራ ጢስ ነው።»

ቀና ብለው እናናን አዩዋት። እናና መሬት መሬት ታያለች። ቀጥሎ ቲቢ ያለበትን አሳየኋቸው፤ በትሩ እንዴት እንደሚለይ በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ሣልኩላቸው። በመጨረሻ የራሳቸውን አስገባሁ። የክር ስሕተት ሲፈልግ የኖረ ዓይን ነውና አልቸኮሉም። መስተዋቱን ወዲህ ወዲያ እንዳንቀሳቅስላቸው እያዘዙ አንድም ጥግ ሳይተዉ ተመለከቱ።

«ይኸ ጥቁሩ የእኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ አያ ካሴ።»

ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ወጡ። እኔም ደንግጬ ተከተልኳቸው። በውኃው መሐል በቀጭኑ የእግር መንገድ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ለመድረስ ሮጥሁ። ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ከሩቅ ስታያቸው ልትሸሽ ብድግ አለች፤ እኔ ከኋላ «የለባቸውም!» ብዬ ጮኽሁ። ቆመች።

አያ ካሴ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሕፃኑን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቀጥ ብለው ቆሙ። ደም ሥራቸው አንገታቸው ላይ ተገተረ። ልጃቸው እንባዋ እየወረደ ትከሻቸውን ያዘቻቸው።

«ይተንፍሱ እንጅ፣ አባባ» አለቻቸው።